ደብረ ብርሃን ስንት ቀለም ነው? የአማርኛ ግጥም ምጣኔና ምት ሲብራራ

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ የሰሜን ሸዋ ከተሞች ግጥም የሚጽፉ ወጣቶች ሥራቸውን በስልክ ሲለዋወጡ ወይም በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ሲያነቡ፣ ከአድማጭ በብዛት የሚሰሙት አስተያየት «ቤት ይመታል» ወይም «ቤት አይመታም» የሚል ነው። ቤት መምታት እንደ ብቸኛ መለኪያ ስለሚወሰድ፣ መጨረሻው በ«ታ» ወይም በ«ኝ» የተዘጋ ጽሑፍ ሁሉ ግጥም የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ቤቱን አንድም ሳይስት የሚመታ ጽሑፍ በቃል ሲነበብ አንደበት የሚያደናቅፍበት፣ አድማጭም ትክክል አለመሆኑን እያወቀ ምክንያቱን መናገር የሚያቅተው ጊዜ አለ። የሚያደናቅፈው አብዛኛውን ጊዜ ምጣኔው ነው። ምጣኔ ደግሞ ከቤት ያነሰ ይነገርለታል እንጂ ከቤት ያነሰ ሥራ የለውም።

ምጣኔ ምንድን ነው? ከምትስ በምን ይለያል?

ምጣኔ በአንድ ስንኝ ውስጥ ስንት ቀለም እንዳለና ያ ቀለም እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ ልክ ነው። ስንኝ የምንለው አንዱን የግጥም መስመር ሲሆን፣ ቀለም ደግሞ አፋችን በአንድ ጊዜ የሚያወጣውን፣ በውስጡ አንድ አናባቢ የያዘውን የድምፅ ቁራጭ ነው። «አበባ» ስንል አፋችን ሦስት ጊዜ ይከፈታል፤ አ፣ በ፣ ባ። ስለዚህ ሦስት ቀለም ነው።

ምት የምንለው ይህ ልክ እየተደጋገመ ሲሄድ በጆሮ ላይ የሚፈጥረው አካሄድ ነው። ልዩነቱን በድንጋይ ደረጃ መመሰል ይቻላል። የእያንዳንዱ እርከን ቁመት ምጣኔ ቢሆን፣ በደረጃው ላይ የሚወጣው ሰው የእግር ኮቴ ምት ነው። እርከኖቹ እኩል ሲሆኑ ወጪው እግሩን ሳያይ፣ ከጎረቤቱ ጋር እያወጋ ጭምር ሊወጣ ይችላል፤ አንዷ እርከን ግን በጣት ስፋት እንኳ ከፍ ብላ ከተሠራች እግር ይሰናከላል። ግጥም አንባቢም እንዲሁ ነው፤ ልኩን ቆጥሮ ባያውቀውም ከጥቂት ስንኞች በኋላ ጆሮው ይለምደውና የሚቀጥለውን አስቀድሞ ይጠብቃል።

የሚቆጠረው ፊደል ነው ወይስ ድምፅ?

በዚህ ርእስ ዙሪያ ካለው ስሕተት ትልቁ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። «ቀለም የቆጠረ» የምንለው ፊደል የለየውን ሰው ስለሆነ፣ ቀለምንና ፊደልን አንድ አድርጎ ማየት የሚያስገርም አይደለም። በግጥም ግን ሁለቱ ይለያያሉ።

ምክንያቱ ሳድስ ነው። የቡልጋው ተወላጅ ተስፋ ገብረ ሥላሴ አሳትመው ያሠራጩትን የፊደል ገበታ ይዞ ያጠና ልጅ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ» ሲል ስድስተኛውን ፊደል እንደ ሌሎቹ ድምፅ ሰጥቶ ይጠራዋል። በንግግር ውስጥ ግን ሳድስ ሁለት ጠባይ አለው። አንዳንዴ አጭር ድምፅ ይዞ ራሱን የቻለ ቀለም ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ድምፁን ጥሎ ከፊቱ ባለው ቀለም ላይ ይለጠፋል። «ምድር» በሚለው ቃል «ም» ድምፅ አለው፣ «ድ»ም ድምፅ አለው፣ «ር» ግን «ድ» ላይ ተለጥፏል። ቃሉ ሦስት ፊደል ይዞ ሁለት ቀለም ብቻ የሆነው በዚህ ነው። «ትምህርት» ከዚህ ይብሳል፤ አምስት ፊደል ተጽፎለት አፋችን የሚያወጣው «ትም» እና «ህርት» የሚሉ ሁለት ቀለሞችን ነው።

የአካባቢያችንን ስሞች ብንመዝን ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። «ደብረ ብርሃን» ሰባት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን «ደብ፣ ረ፣ ብር፣ ሃን» ተብሎ በአራት ቀለም ያልቃል። «አንኮበር» አምስት ፊደልና ሦስት ቀለም፣ «ምንጃር» አራት ፊደልና ሁለት ቀለም፣ «ተጉለት» አራት ፊደልና ሦስት ቀለም ነው። «ጅሩ» ብቻ ሁለት ፊደልና ሁለት ቀለም ሆኖ ከራሱ ጋር ይስማማል። «መንዝ» ደግሞ ሦስት ፊደል ይዞ አንዲት ቀለም ነው። ፊደል እየቆጠረ ስንኝ የሚያስተካክል ጸሐፊ ምንጃርንና ተጉለትን እኩል ያደርጋቸዋል፤ ጆሮ ግን አያደርጋቸውም።

በልጅነታችን በነሐሴ 13 ቀን በየደጁ እየዞርን የጨፈርንበት «ቡሄ በሉ፣ ልጆች ሁሉ» የሚለው ጥሪ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የመጀመሪያው ክፍል አራት ፊደል፣ ሁለተኛው አምስት ፊደል አለው። ሆኖም «ልጆች» ውስጥ ያለው «ች» ድምፅ ስለሌለው ሁለቱም በአራት በአራት ቀለም ይገጥማሉ። ይህን የሚያዜሙት ልጆች ስለ ሳድስ ማንም ሳይነግራቸው በዱላቸው መሬቱን እየመቱ ልኩን ይጠብቃሉ።

ሳድስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም፤ ገጣሚን የሚያስጨንቀውም የሚጠቅመውም ይኸው ነው። ሁለት ድምፅ የለሽ ፊደላት በቃል መጨረሻ ሲገናኙና የሚቀጥለው ቃል ሲመጣባቸው፣ ተናጋሪው በሁለቱ ቃላት መካከል አጭር ድምፅ ሊያስገባ ወይም ሊተው ይችላል። «ብርድ መጣ» የሚለውን ፈጠን ብሎ የሚናገር ሰው በሦስት ቀለም፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ደግሞ «ድ»ን ድምፅ ሰጥቶ በአራት ቀለም ይለዋል። ሁለቱም አማርኛ ናቸው። ገጣሚው ከሁለቱ የሚስማማውን ይመርጣል፤ አንባቢው ግን ምርጫውን የሚያውቀው ከግጥሙ ልክ ብቻ ስለሆነ፣ ልኩ አስቀድሞ በሌሎቹ ስንኞች ላይ በግልጽ መቆም አለበት።

አናባቢዎችም ይዋዋጣሉ። «ከአንኮበር» ብለን ብንጽፍም ስንናገር «ካንኮበር» ነው የምንለው፤ በዚህም አንድ ቀለም ይቀነሳል። የድሮ ገጣሚዎች «ያገሬ»፣ «ካንተ»፣ «ባይኔ» እያሉ የሚጽፉት ከግድየለሽነት የተነሣ አልነበረም፤ አንባቢው የት ላይ መዋጥ እንዳለበት እያመለከቱት ነው። ዛሬ ቃላቱ ተለያይተው እንዲጻፉ የሚያስገድድ አርታኢ፣ ሰዋስው ያስተካከለ ቢመስለውም ምጣኔውን አፍርሶ ሊሄድ ይችላል።

መጥበቅና መላላትስ? «ገና» ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ጊዜን፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉን ያመለክታል፤ ቀለሙ ግን በሁለቱም ንባብ ሁለት ነው። ጥብቀት ቁጥሩን አይለውጥም፤ የመጀመሪያውን ቀለም ግን ይዘጋዋል፣ ክብደትም ይሰጠዋል። በጽሑፍ ምልክት ስለሌለው ደግሞ ያልተለማመደ አንባቢ የግጥሙን ትርጉምም አካሄድም በአንድ ጊዜ ሊስት ይችላል።

ስንኙ ለምን ለሁለት ይከፈላል?

የአማርኛ ስንኝ በአብዛኛው መሐሉ ላይ ትንሽ ዕረፍት አለው። ዕረፍቱ ስንኙን ለሁለት ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል ሐረግ ይባላል። ሁለቱ ሐረጎች በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው። አንዱ በሬ ጎበዝ ሌላው ሰነፍ ከሆነ ትልሙ ይጣመማል፤ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የሚደክመው ጥማዱን ለማመጣጠን ነው።

ነገሩን ለማየት ለዚሁ ጽሑፍ ያሰናዳኋትን አንዲት ጥንድ ስንኝ እንውሰድ (በርኖስ ከሱፍ የሚሠራ ካባ ነው)።

ካንኮበር ተራራ / ጉም ሲወጣ ማታ፣
በርኖስ ለሌለው ሰው / እሳቱ ነው ጌታ።

ጣትዎን እያጠፉ ይቁጠሩ። «ካን፣ ኮ፣ በር፣ ተ፣ ራ፣ ራ» ስድስት። «ጉም፣ ሲ፣ ወ፣ ጣ፣ ማ፣ ታ» ስድስት። «በር፣ ኖስ፣ ለ፣ ሌ፣ ለው፣ ሰው» ስድስት። «እ፣ ሳ፣ ቱ፣ ነው፣ ጌ፣ ታ» ስድስት። ዕረፍቱ በሁለቱም ስንኝ ከስድስተኛው ቀለም በኋላ ይወድቃል፤ ቃል አልተቆረጠም፣ ሐሳብም አልተቆረጠም።

ድምሩ እኩል ከሆነ አይበቃም?

አይበቃም። ያንኑ ሐሳብ ቤቱን እንደመታ ትተን እንዲህ እናስረዝመው።

ካንኮበር ተራራ ላይ / ጉም በሚወጣበት ማታ፣
በርኖስ ለሌለው ሰው / ጌታው እሳት ነው በዚህ ቦታ።

ሁለቱም ስንኞች በ«ታ» ያልቃሉ፤ የሚገርመው ደግሞ ሁለቱም አሥራ አምስት አሥራ አምስት ቀለም አላቸው። በወረቀት ላይ የሚደምር ሰው እኩል ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። ሲነበቡ ግን የመጀመሪያው ከሰባት ቀለም በኋላ ያርፍና ስምንት ይጨምራል፤ ሁለተኛው ከስድስት በኋላ ያርፍና ዘጠኝ ይጎትታል። ጆሮ ድምርን አይሰማም፤ የሚሰማው የዕረፍቱን ቦታ ነው። አድማጭ ሰባት ቀለም ሰምቶ ሰባት ሲጠብቅ ስድስት ይመጣለታል፤ ለቀጣዩ ሐረግ ሲዘጋጅ ደግሞ የማያልቅ የሚመስል ጭራ ይከተለዋል። «ቤት ይመታል፣ ግን ምን እንደሆነ እንጃ» የሚለው አስተያየት የሚመጣው እንዲህ ካለው ስንኝ ነው። ለእኔ ከቤት አለመምታት ይልቅ የሚከብደው ጉድለት ይህ ነው፤ ቤት ያልመታ ስንኝ አንዴ ያስቀይምና ያልፋል፣ ዕረፍቱ የተዛባ ግጥም ግን አንባቢውን እስከ መጨረሻው ሲያንገዳግደው ይዘልቃል።

ስንት ዓይነት ምጣኔ አለ?

ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር ጥናት ካሳተሙ ወዲህ ምጣኔዎችን ለይቶ በስም መጥራት በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የተለመደ ሆኗል። ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ከላይ ያየነው ስድስት በስድስት ነው፤ ስሙም ወል ቤት ይባላል፣ የጋራ እንደማለት። የለቅሶ ሙሾ፣ የሠርግ ዘፈንና የአዝማሪ ግጥም በብዛት በዚህ ልክ ይሄዳል። ስድስት ቀለም አንድ ሐሳብ ለመቋጠር የማያንስ፣ በአንድ ትንፋሽ ለማለትም የማይበዛ በመሆኑ ለቃል ግጥም ተስማሚ ነው።

አራት በአራት የሚሄደው ከልጆቹ ጭፈራ ስሙን ወስዶ ቡሄ በሉ ተብሏል። አጭርና ፈጣን ስለሆነ ለእንቅስቃሴና ለሥራ ይመቻል። በአውድማ ላይ ከብት እየነዳ የሚያበራይ ሰው «ሂድ በል በሬ፣ ዞር በል ዛሬ» ብሎ ከራሱ አፍ ቢያወጣ፣ ልኩ ከከብቶቹ እርምጃ ጋር ይገጥማል እንጂ አሥራ ሁለት ቀለም እስኪያልቅ ድረስ በሬው አይጠብቀውም። አምስት በአምስት የሚሄዱ ግጥሞችም አሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ረዘም ያለው የጸጋዬ ቤት ነው። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአንድ ሐረግ ስምንት ቀለም የሚይዝ ስንኝ አዘውትረው በመጠቀማቸው ልኩ በስማቸው ተጠርቷል። በአንድ ስንኝ አሥራ ስድስት ቀለም ሲኖር ሐሳብ ለማዋሰብ፣ ቃል ለመደርደር ቦታ ይገኛል፤ ለአንባቢው ግን ትንፋሽ ማጠራቀምን ይጠይቃል፣ ለጭፈራም አይሆንም። ከመድረክ ላይ በዝግታና በግርማ ሲነበብ የሚያምረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ «ቤት» የሚለው ቃል ያምታታል፣ ጥፋቱም የአንባቢ አይደለም። «ቤት መምታት» ስንል የስንኞች መጨረሻ መመሳሰል ማለታችን ነው፤ «ወል ቤት» ስንል የምጣኔ ዓይነት ነው፤ የግእዝ ቅኔ ተማሪ ደግሞ ጉባኤ ቃና የተባለው አጭር ቅኔ ሁለት ቤት አለው ሲል ቤት የሚለው መስመሩን ነው። በአንድ ውይይት ላይ ሦስቱም ትርጉም ሲደባለቅ ሰዎች ሳይግባቡ ሊከራከሩ ይችላሉ።

በዘፈንና በቀረርቶ ቁጥሩ የማይገጥም የሚመስለው ለምንድን ነው?

የዘፈን ግጥም በወረቀት ላይ ተጽፎ ሲታይ አንዱ ስንኝ ሰባት፣ ሌላው አምስት ቀለም ሆኖ ይገኛል፤ ሲዘፈን ግን ጉድለቱ አይሰማም። ይህ የሚሆነው ዜማ አንዱን ቀለም ጎትቶ የሁለት ቦታ እንዲይዝ ማድረግ ስለሚችል ነው። ያነሰውን አዝማሪው በ«አዬ» ወይም በመሰንቆው ይሞላዋል፤ የበዛውን አጣድፎ ያስገባዋል። ቀረርቶ የሚያሰማ ሰውም አንዲቷን የመጨረሻ ቀለም ትንፋሹ እስኪያልቅ ሊያንቆረቁራት ይችላል፤ ቁጥሯ ግን አንድ ነው።

ለጀማሪ ገጣሚ አደጋው ከዚህ ላይ ነው። በልቡ ዜማ እያሰማ የጻፈው ግጥም ለእሱ ሁልጊዜ ይገጥምለታል፤ ዜማውን የማያውቅ ሰው ሲያነበው ግን ይፈርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግጥሙን ዜማውን ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ማድረግና የሚደናቀፍበትን ቦታ ምልክት ማድረግ።

ቤት መምታት ታዲያ ምን ይሠራል?

ቤት የስንኙን ማለቂያ የሚያበሥር ደወል ነው። በአማርኛ ልማድ የመጨረሻው ፊደል ከነድምፁ መመሳሰል አለበት፤ «ማታ» ከ«ጌታ» ጋር የሚመታው «ታ» ስለሚገጥም ነው። መጨረሻው ድምፅ የለሽ ሳድስ ሲሆን ግን ከፊቱ ያለው ቀለም ማገዝ ይኖርበታል፤ «ቀን» እና «ወገን» ጥሩ ይመታሉ፣ «ቀን» እና «ጎን» ግን በ«ን» ብቻ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ደወሉ የሚያምረው በተጠበቀበት ሰዓት ሲደወል በመሆኑ፣ ምጣኔው ከተዛባ ቤቱ ሲመታ እንኳ ሳይሰማ ያልፋል።

አንዳንድ መጻሕፍት ሁለቱን ሐረጎች በአንድ መስመር ከማሳተም ይልቅ አንዱን ከሌላው በታች ያወርዷቸዋል። ያን ጊዜ ቤት የሚመታው በሁለተኛውና በአራተኛው መስመር ላይ ብቻ ስለሚሆን፣ ያልለመደ አንባቢ ግማሹ ቤት አይመታም ብሎ ሊያስብ ይችላል። የተለወጠው አጻጻፉ ነው።

የሌሎች ቋንቋዎች ግጥምስ እንዲሁ ይቆጠራል?

ቋንቋ ሁሉ የሚቆጥረው ለጆሮው ጎልቶ የሚሰማውን ነው። በእንግሊዝኛ አንዱ ቀለም ከሌላው ጎልቶ ስለሚጠራ የግጥሙ ልክ የተመሠረተው በጎላውና ባልጎላው መፈራረቅ ላይ ነው። ዐረብኛ ግጥም ረጅምና አጭር ቀለሞችን ያፈራርቃል። የጃፓኖቹ ሃይኩ ደግሞ አምስት፣ ሰባትና አምስት እያለ አሥራ ሰባት የድምፅ መጠን ይቆጥራል። በአማርኛ አንዱን ቀለም ከሌላው አጉልቶ የመጥራት ልማድ ደካማ ስለሆነ ብዛቱና ዕረፍቱ ሥራውን ይይዛሉ። የእንግሊዝኛን የግጥም ልክ በአማርኛ ላይ ለመለጠፍ የሚሞክር ሰው ድካሙ የሚባክነው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ እንቢ ሲል ምን ይደረጋል?

አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን መቀየር አያስፈልግም። አንዲት መስተዋድድ መጨመር ወይም መጣል፣ «የእኔ» የነበረውን «የኔ» ማድረግ፣ የቃላቱን ቦታ ማለዋወጥ ይበቃል። ቃል ለማሟያ ብቻ ሲጨመር ግን ይታወቃል፤ በተራዘመው ምሳሌያችን ላይ «በዚህ ቦታ» የሚለው ቤት ከመምታት በቀር ምንም ሥራ አልነበረውም።

ያቺን የአንኮበር ስንኝ ያነበበ መንዜ «በርኖስ ከመንዝ ሆኖ ሳለ አንኮበር ምን አገባው?» ቢል ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። «ካንኮበር ተራራ» የሚለውን «ከመንዝ ተራራ» ብለን ብንተካው «ከ፣ መንዝ፣ ተ፣ ራ፣ ራ» አምስት ቀለም ብቻ ይሆናል። «ዝ»ን ድምፅ ሰጥተን ስድስት ማድረስ እንችላለን፤ ነገር ግን ይህ የመጀመሪያው ሐረግ ስለሆነና አንባቢው ገና ልኩን ስላልያዘ አምስት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። በሌላው ምሳሌ ትርፍ የነበረችው «ላይ» እዚህ ቦታዋን ታገኛለች፦

ከመንዝ ተራራ ላይ / ጉም ሲወጣ ማታ፣
በርኖስ ለሌለው ሰው / እሳቱ ነው ጌታ።